አየራቸው ለምን ተለያየ? ምድር፣ ቬነስና ማርስ



ስለ ፕላኔቶች ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናስጠናው ቁጥር ነው። ቬነስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 96.5 በመቶ፤ ማርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 95 በመቶ፤ ምድር ናይትሮጂን 78 በመቶ፣ ኦክስጅን 21 በመቶ። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ያሰፍረዋል፣ በሳምንቱ ይጠፋዋል። እነዚህን ቁጥሮች ቆም ብሎ ላያቸው ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። የቬነስና የማርስ አየር ዓይነቱ አንድ ከሆነ፣ ለምን አንደኛዋ እንደ እቶን ስትነድ ሌላዋ እንደ በረዶ ቀዘቀዘች?

ብዙዎቻችን አፋችን ላይ የሚመጣው መልስ "ቬነስ ለፀሐይ ትቀርባለች፣ ማርስ ትርቃለች" የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን የጥያቄውን ግማሽ እንኳ አይመልስም። ማስረጃው ሜርኩሪ ናት። ከሁሉም ይልቅ ለፀሐይ የምትቀርበው እሷ ሆና ሳለ፣ ቀን 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ትደርስና ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ድረስ ትወርዳለች። ቬነስ ግን ቀንም ሌሊትም፣ ወገቧ ላይም ዋልታዋ ላይም 465 ዲግሪ አካባቢ ናት። ከፀሐይ በእጥፍ ያህል የራቀችው ቬነስ ከሜርኩሪ ትበልጣለች ማለት ነው። ልዩነቱ ሜርኩሪ አየር የሚባል ነገር የላትም ማለት ይቻላል፤ ቬነስ ግን አላት፣ ያውም ብዙ።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልበል። ሱዳን ውስጥ ያደጉ ተማሪዎች "ማርስ" ሲባሉ ግር ይላቸዋል፤ "አል-መሪኽ" ሲባሉ ግን ወዲያው የኦምዱርማን የእግር ኳስ ቡድን ትዝ ይላቸዋል። ቡድኑ ስሙን ያገኘው ከዚችው ፕላኔት ነው። ተፎካካሪው አል-ሂላል ደግሞ የጨረቃ ማጭድ ማለት ነው። ስለዚህ የኦምዱርማን ደርቢ የሰማይ ጦርነት ነው ብላችሁ ብትጀምሩ ክፍሉ ይነቃል። ቬነስ በአረብኛ "ዙህራ" ናት። በኛም የድሮ መጻሕፍት መሪኽና ዝሁራ የሚሉት ስሞች አሉ። ቬነስ ንጋት ላይ ስትወጣ ገበሬው አጥቢያ ኮከብ የሚላት ነች።

አሁን ወደ ጥያቄው። በመቶኛ መጠን ብቻ የምንናገር ከሆነ ዋናው ነገር ያመልጠናል። አንድ ሰው "ከደመወዜ 95 በመቶውን ለቤት ኪራይ እከፍላለሁ" ቢል ስንት ብር እንደሚከፍል አወቃችሁ? አላወቃችሁም፤ መጀመሪያ ደመወዙ መታወቅ አለበት። የአየርም ነገር እንዲሁ ነው።

በኩንታል እንቁጠረው። መሬት ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በጠመኔ አስምሩ። ከዚያች ካሬ በላይ እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ያለው የምድር አየር ክብደቱ 100 ኩንታል ያህል ነው፤ ሁለት አይሱዙ ሙሉ ጭነት ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ተጭኖን የማንደቀው ግፊቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣና ሰውነታችን ውስጥ ያለውም እኩል ስለሚገፋ ነው። በዚያችው ካሬ ልክ ቬነስ ላይ ያለው አየር 10,000 ኩንታል ገደማ ይሆናል። 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ መኪና አስቡና 25ቱን በአንዲት ካሬ ሜትር ላይ ደርድሩ። ማርስ ላይ ደግሞ ስንት? አንድ ኩንታል ተኩል ትንሽ አለፍ ቢል ነው።

እንግዲህ 95 በመቶና 96.5 በመቶ የሚለው ተመሳሳይነት የት ደረሰ? የአንዷ ዘጠና አምስት በመቶ የሚሰላው ከ25 ተሳቢ ነው፤ የሌላዋ ግን አንድ አህያ እንኳ ብዙም የማይከብዳት ጭነት ነው። (አህያዋ ትፍረደን፤ አንድ ኩንታል ተኩል ይከብዳታል።)

ግፊት የሚለው ቃል ለተማሪ ደረቅ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በመኪና የወረደ ሰው ግን ያውቀዋል። ጎንደር ላይ ውሃው ተጠጥቶ ያለቀበትን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ያዙት። መተማ ስትደርሱ ፕላስቲኩ በራሱ ጊዜ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ማንም አልረገጠውም። ውስጡ የደጋ አየር አለ፤ ውጭው የቆላ አየር ነው፤ የቆላው ስለሚበረታ ይጫነዋል። ልዩነቱ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁለት ብቻ ነው። ቬነስ መሬት ላይ ግፊቱ ከኛ ዘጠና ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ባሕር ውስጥ ዘጠኝ መቶ ሜትር እንደመስጠም ማለት ነው። በ1967 (እ.ኤ.አ.) ሶቪየቶች የላኳት ቬኔራ 4 ወደ ታች ስትወርድ፣ መሬት ሳትነካ ገና አየሩ ውስጥ እያለች ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚልኩትን እያጠነከሩ እያጠነከሩ ሄዱና በታኅሣሥ 1970 ቬኔራ 7 አርፋ 23 ደቂቃ ያህል ደካማ ምልክት ላከች። የሰው ልጅ ከሌላ ፕላኔት መሬት ላይ መልእክት ሲቀበል ያ የመጀመሪያው ነበር። በ1982 ያረፈችው ቬኔራ 13 ደግሞ 127 ደቂቃ ቆየች። ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ! ለዚያ ቦታ ይሄ ትልቅ ጀግንነት ነው።

ሌላ ምሳሌ ከወጥ ቤት። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ 92፣ ካርቱም 99 ገደማ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ግን ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ እህሉን ቶሎ አያበስለውም። አንዱ ባቄላ ደብረ ብርሃን ላይ ሲንተከተክ ውሎ አልበስል ይልና ካርቱም ላይ በአጭር ጊዜ ጥሩ ፉል የሚወጣው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ይህንኑ መንገድ ወደ ማርስ ብንቀጥለው፣ እዚያ ግፊቱ ከኛ አንድ መቶኛ እንኳ ስለማይሞላ ውሃ የሚፈላው ዜሮ ዲግሪ አጠገብ ነው። በረዶ የሚሆንበትና የሚፈላበት ነጥብ ተገናኙ ማለት ነው። ለዚህ ነው ማርስ ላይ በረዶም ትንሽ ትነትም እያለ ኩሬ የሌለው። ቬነስ ላይ ደግሞ በግፊቱ ብዛት ውሃ ሳይፈላ 300 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል፤ ግን መሬቷ ከዚያም ስለሚግል እዚያም ኩሬ የለም።

ሙቀቱን አየር እንዴት ይይዘዋል? እንጀራ ጋግራችሁ እሳቱ ከጠፋ በኋላ እጃችሁን ሳትነኩት ወደ ምጣዱ አስጠጉ፤ ሙቀቱ ይመጣል። ምጣዱ ብርሃን የለውም፤ ግን የማይታይ የሙቀት ጨረር ይልካል። መሬትም በፀሐይ ብርሃን ትሞቅና እንደ ምጣዱ የማይታየውን ጨረር ወደ ሰማይ መልሳ ትልካለች። ናይትሮጂንና ኦክስጅን ይህን ጨረር ዝም ብለው ያሳልፉታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ትነት ግን ይይዙታል፣ የያዙትንም ከፊሉን ወደ መሬት ይመልሱታል። ደጋ አገር ያደገ ሰው ማስረጃው አለው። ህዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ የሚጥለው ደመና ባለበት ሌሊት አይደለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ በሚያብረቀርቁበት ሌሊት ነው። ደመናና ትነት ካለ ሙቀቱ አያመልጥም። የሱዳን በረሃ ቀን ጠብሶን ሌሊት ፋታ የሚሰጠን እንዲሁ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው።

በዚህ ሥራ ምክንያት የምድር አማካይ ሙቀት 15 ዲግሪ ያህል ሆነ። ባይኖር ኖሮ ከዜሮ በታች 18 ይሆን ነበር፤ ዓባይም ቀይ ባሕርም በረዶ ናቸው። ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በራሱ ጠላት አይደለም፤ ጥያቄው የመጠኑ ነው።

ቬነስን በሚመለከት ብዙ መጻሕፍት የሚዘሉት አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ቬነስ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሰልፈሪክ አሲድ ደመና ስላለ ከሚደርሳት የፀሐይ ብርሃን ሦስት አራተኛውን መልሳ ታንጸባርቃለች። አጥቢያ ኮከብ እንደዚያ የምታበራውም ለዚህ ነው። የቀረላት ሲታይ፣ ቬነስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የምትቀበለው የፀሐይ ኃይል እኛ ከምንቀበለው ያንሳል! አየሯ ሙቀት የማይዝ ቢሆን ኖሮ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነች ነበር። ከዚያ ተነስቶ 465 ያደረሳት ያ 10,000 ኩንታል ነው። "ለፀሐይ ስለምትቀርብ" የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ማርስ ደግሞ የራሷ እንቆቅልሽ አላት፤ እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። "ማርስ የበረደችው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላነሳት ነው" ብለን እንዳንደመድም፣ ሂሳቡን ሠርተን እንየው። ምድር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን ሲመዘን ስድስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ማርስ ላይ ያለው ከ150 ኪሎ ይበልጣል። ከኛ ከሃያ ጊዜ በላይ! ታዲያ ከሃያ ጊዜ በላይ ጋቢ የለበሰች ፕላኔት እንዴት አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አካባቢ ሆነ? የማርስ አየር የሚጨምርላት ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው ርቀቷ ነው፤ የሚደርሳት ፀሐይ ከኛ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው የውሃ ትነት የላትም ማለት ይቻላል። ምድር ላይ ደግሞ አብዛኛውን ሙቀት የሚይዘው ትነቱ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያሞቅ ትነቱ ይጨምራል፣ ትነቱ ደግሞ መልሶ ያሞቃል፤ ይተጋገዛሉ። ሦስተኛው ትንሽ ይከብዳል። እያንዳንዱ ጋዝ ሁሉንም የሙቀት ጨረር አይዝም፤ የተወሰነ ዓይነቱን መርጦ ነው የሚይዘው። አየሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ የሚይዙት የጨረር ዓይነት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሰፋል። አየሩ ከሳሳ ግን እያንዳንዱ በጠባቧ መስመር ብቻ ይቀራል፤ በመካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ሜዳ ነው። ስለዚህ ማርስ የለበሰችው ብዙ ወንፊት ነው ብትሉ ትክክል ናችሁ፤ ወንፊት ቢደራረብ ጋቢ አይሆንም። የጋቢ ምሳሌ ራሱ ሙሉ አይደለም፤ ጋቢ የሚያሞቀን ዋናው አየሩ እንዳይንቀሳቀስ በመከልከል ነው። ለጀማሪ ተማሪ ግን ይበቃል።

ስለ ነፋስም እናንሳ። ካርቱም የኖረ ሰው ሃቡብን አይረሳም። ከነጎድጓድ ደመና ሥር የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ አቧራውን እየጠረገ፣ ከሩቅ እንደ ተራራ ግንብ ሆኖ ይመጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቀኑ ይጨልማል፣ አልጋው፣ ድስቱ፣ ደብተሩ ሁሉ አሸዋ ይሆናል። ማርስም ሃቡብ አላት፤ ግን የሷ አንዳንዴ መላዋን ፕላኔት ይሸፍናል። በህዳር ወር 1971 (እ.ኤ.አ.) ማሪነር 9 የምትባል መንኮራኩር ማርስ ስትደርስ ያየችው አቧራ ብቻ ነበር፤ እስኪረጋ ድረስ ሳምንታት ጠበቀች። በ2018 የተነሳው ደግሞ ኦፖርቹኒቲ የተባለችውን ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት ጨረሳት። ለ90 ቀን ሥራ ታስባ በ2004 ያረፈችው ሮቦት ከ14 ዓመት በላይ ስትዞር ቆይታ፣ በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ስለነበረች ፀሐይዋን አቧራው ሲሸፍንባት ሰኔ ላይ ዝም አለች።

ይሁንና አቧራው ፀሐይን ሸፍኖ ገደላት እንጂ ነፋሱ ገልብጦ አይደለም። ፊልም ላይ የማርስ ማዕበል ሰው ሲያነሳና መንኮራኩር ሲገለብጥ ታያላችሁ፤ አትመኑት። ማርስ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚገፋው ኃይል፣ እዚህ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚነፍስ ነፋስ ጋር እኩል ነው። ልብስ ያወዛውዛል፣ ቆርቆሮ አያነሳም። በቬነስ መሬት ላይ ተቃራኒው ነው። እዚያ ነፋሱ በሰው እርምጃ ፍጥነት ያዘግማል፤ አየሩ ግን ከመክበዱ የተነሳ እዚህ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ያህል ይገፋል። ከፍ ብሎ ደመናው ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ አየሩ በአራት ቀን አካባቢ ፕላኔቷን ይዞራል። ፕላኔቷ ራሷ አንዴ ለመዞር 243 የምድር ቀን ይፈጅባታል።

የሳሳ አየር ግን ምንም ማለት አይደለም። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ከሱዳን ሰማይ ራሱ አለን፤ ተማሪዎቻችን ሊያውቁት የሚገባ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 2008 አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ያሉ የሰማይ ተመልካቾች ወደ ምድር የሚመጣ አራት ሜትር ያህል የሆነ ዓለት አዩ። የት እንደሚወድቅም አሰሉ፦ ሰሜን ሱዳን፣ የኑቢያ በረሃ። አንድ የሰማይ ዓለት ምድርን ሳይመታ በፊት ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ፣ በኛ አቆጣጠር መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ንጋት ላይ 11 ሰዓት ከ46 ሲል በሴኮንድ 12 ኪሎ ሜትር እየበረረ መጥቶ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። በታኅሣሥ 2008 የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓውያ ሸዳድና ከአሜሪካ የመጣው ፒተር ጄኒስከንስ 45 ተማሪዎችና ሠራተኞች ይዘው በረሃውን ጎን ለጎን ተሰልፈው እየተራመዱ ፈተሹ። ጥቋቁር ድንጋዮች አሸዋው ላይ አገኙ። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ፍለጋዎች 600 ያህል ቁርጥራጭ ተሰበሰበ፤ ሁሉም ተደምሮ ከ10 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ዓለቱ ግን ሲመጣ 80 ቶን ገደማ ይሆን ነበር። ስሙም በአቅራቢያው ባለው፣ ከዋዲ ሃልፋ ወደ አቡ ሐመድ በሚሄደው የባቡር መስመር ጣቢያ ተሰየመ፦ አል-መሐጣ ሲታ፣ ስድስተኛው ጣቢያ።

አሁን ልብ በሉ። 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የኛ አየር ማርስ መሬት ላይ ካለው አየር ጋር በሳሳነቱ ይቀራረባል። ሆኖም በዚያ ፍጥነት ለመጣ ድንጋይ ያ የሳሳ አየር እንደ ግንብ ሆነበት፤ በእርግጥ ድንጋዩም ፍርክስክስ የሚል ዓይነት ነበር። ወደ ማርስ ለሚሄድ መንኮራኩርም ችግሩ ይሄው ነው። አየሩ ለማቃጠል ይበቃል፣ ለማዘግየት ግን አይበቃም። የእሳት መከላከያ ጋሻ የግድ ነው፤ ከዚያ ፓራሹት ይዘረጋል፤ እሱም ስለማይበቃ በመጨረሻ ሮኬት እየተኮሱ ያወርዷታል። በ2012 ኪዩሪዮሲቲ፣ በ2021 ፐርሲቪራንስ ያረፉት እንዲህ ነው። ቬነስ ላይ ደግሞ ቬኔራዎቹ ፓራሹታቸውን ገና ሃምሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይጥሉታል፤ አየሩ ራሱ እንደ ውሃ ይዟቸው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ሦስቱ አየሮች እንዴት እንደሚለያዩ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

ከማርስ ሳንወጣ፣ ኢንጀኒዊቲ የተባለችውን 1 ኪሎ ከ800 ግራም የምትመዝን ሄሊኮፕተር ተማሪዎች ይወዷታል። ሚያዝያ 19 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) በሌላ ፕላኔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች። በዚያ በሳሳ አየር ለመነሳት ክንፎቿ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል መዞር ነበረባቸው፤ የምድር ሄሊኮፕተር ከዚህ ብዙ ባነሰ ዙር ይነሳል። 72 ጊዜ በርራ ጥር 2024 ላይ ክንፏ ተሰብሮ ቆመች።

ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን ተለያዩ? ሦስቱም ዓለታማ ናቸው፤ አየራቸውም በአብዛኛው የመጣው ከውስጣቸው ነው። ኤርታሌን አስቡ። እሳተ ገሞራ የውሃ ትነት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የድኝ ጋዝ ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕጣ ነው የተለያየው።

ምድር ላይ ትነቱ ቀዝቅዞ ዝናብ ሆነ፣ ባሕር ሞላ። ባሕሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እያሟሟ፣ ከዓለት ታጥቦ ከመጣው ካልሲየም ጋር እያዋሃደ የኖራ ድንጋይ አደረገው። ይሄ ሩቅ ነገር አይደለም። የዓባይ በረሃ ገደል ላይ በንብርብር የሚታየው የኖራ ድንጋይ፣ የመቀሌ አካባቢው፣ የባሌው ሶፍ ዑመር ዋሻ ሁሉ፣ ያ አካባቢ በጥንት ዘመን በባሕር ተሸፍኖ ሳለ የተቀመጠ ነው። ድንጋዩ ውስጥ አየር ታስሯል ማለት ነው። በመላው ምድር በኖራ ድንጋይ ውስጥ የታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢፈታ ቬነስ አየር ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ይሆናል። እኛ ከቬነስ ያነሰ ጋዝ ስላልተሰጠን አይደለም የዳንነው፤ ድንጋይ አድርገን ስለቀበርነው ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ሲያቃጥል ከነዳጁ ጭስ ሌላ ከድንጋዩም የታሰረው ጋዝ ይወጣል። ኦክስጅኑ ደግሞ የሕያዋን ሥራ ነው፤ ከ2 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በአየሩ ውስጥ የተጠራቀመው በጥቃቅን ተሕዋስያን ነው።

ቬነስ ውሃዋን ይዛ መቆየት አልቻለችም። ሙቀቱ ትነት አበዛ፣ ትነቱ ሙቀት አበዛ። ትነቱ ላይ ሲደርስ የፀሐይ ጨረር ሰነጠቀው፤ ቀላሉ ሃይድሮጂን ወደ ጠፈር አመለጠ፣ ከባዱ ቀረ። በ1978 የተላከችው ፓዮኒር ቬነስ የቀረውን ስትለካ ከባዱ ሃይድሮጂን ከኛ ከመቶ ጊዜ በላይ በዝቶ ተገኘ፤ እህል ተነፍቶ እንክርዳዱ እንደሚቀር ዓይነት ነው። ውሃ ከሌለ የኖራ ድንጋይ የለም፤ ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሁሉ አየር ላይ ቀረ።

ማርስ ትንሽ ናት፤ ክብደቷ የምድር አንድ አሥረኛ ነው። ቶሎ ቀዘቀዘች፣ ማግኔታዊ መስኳም ከአራት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፋ። ስበቷ ደካማ ስለሆነ የፀሐይ ነፋስ አየሯን እየላጠ ወሰደው። ከ2014 ጀምሮ ስትዞራት የነበረችው ሜቨን የተባለች መንኮራኩር በሴኮንድ 100 ግራም ያህል እንደሚያመልጥ ለክታለች። ትንሽ ይመስላል፤ በቢሊዮን ዓመታት ግን ይከማቻል፤ በጥንት ጊዜ ደግሞ ማምለጡ የባሰ ነበር። የደረቀው የወንዝ አሻራ ዛሬም ይታያል። እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። "ማግኔታዊ መስክ የሌለው ፕላኔት አየር አይኖረውም" ብላችሁ አታስጽፉ። ቬነስም የላትም፤ አየሯን ግን አይታችኋል።

ማርስ ሄደን እንኖራለን የሚሉ ሰዎች አሉ። በ2021 እና በ2023 መካከል ፐርሲቪራንስ ላይ የተገጠመ ሞክሲ የሚባል መሣሪያ ከማርስ አየር ኦክስጅን ሠርቶ አሳይቷል፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። የሠራው ሁሉ ተደምሮ ግን 122 ግራም ነው፤ አንድ ሰው ለጥቂት ሰዓት ይተነፍሰዋል። ለጊዜው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ያለን ይሄው አየር ነው፤ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከሚሊዮን 280 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዛሬ ከ420 አልፏል። ምድር በዚህ ቬነስ አትሆንም፤ እንደዚያ እያሉ ተማሪ ማስፈራራት ትክክል አይመስለኝም። ዝናቡን ለሚጠብቅ ገበሬና ጥላ በሌለው ድንኳን ለሚውል ሰው ግን ከቬነስ እጅግ ያነሰ ለውጥም ይበዛል።

ክፍል ውስጥ ለመሥራት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ካሬውን በጠመኔ አስምሩና ተማሪዎቹ ኩንታሉን ይገምቱ፤ ቬነስ ላይ ሲደርሱ ይሳሳቃሉ። ሁለት ቆርቆሮ ጣሳ አፈር ሞልታችሁ አንዱን በመስታወት ከድናችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ የሚል ሙከራ በብዙ መጽሐፍ አለ። ሥሩት፣ የተከደነው ይሞቃል። ግን የሞቀበት ዋናው ምክንያት ሞቃቱ አየር እንዳይወጣ መስታወቱ ስለዘጋው መሆኑን ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያዩት ይመስላቸዋል።

ለተማሪዎች ደግሞ ጥያቄ። ቬነስ ላይ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ሲባል ግፊቱም ሙቀቱም ከኛ ጋር ይቀራረባል፤ በ1985 ሶቪየቶች ቬጋ በተባሉት መንኮራኩሮች የላኳቸው ሁለት ፊኛዎች በዚያ ከፍታ ለሁለት ቀን ያህል ተንሳፈዋል። ሰው እዚያ ፊኛ ላይ ተንጠልጥሎ ቢኖር ምን ይዞ መሄድ አለበት? ምንስ መልበስ አለበት? መልሳችሁን ከነምክንያቱ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ ስጡ።